በጎጃም መንገዶች፦ በእርዳታ ጭነትና ሠራተኞች ላይ የሚደርስን ጥቃትና ማስፈራሪያ መመዝገብና ማሳወቅ

እርዳታ የጫነ መኪና ደምበጫ ላይ ተያዘ ከተባለ ወሬው ባሕር ዳር ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ማታ ላይ ግን ስንት መኪና ነው፣ ምን ጭኗል፣ ሹፌሩ የት ደረሰ ብላችሁ ብትጠይቁ አምስት ሰው አምስት መልስ ይሰጣችኋል። በሳምንቱ ጉዳዩ ይረሳል። ከሦስት ወር በኋላ "በዚህ መንገድ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ደርሷል" ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው አይገኝም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በድርጅት ውስጥ የጭነትና የደኅንነት ሥራ ለያዛችሁ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በእድር በኩል እርዳታ ለምታከፋፍሉ፣ ለጤና ጣቢያ ሰዎችና ለአካባቢ ጋዜጠኞች ነው። ቅደም ተከተሉን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው። መጀመሪያ ሰውየው፣ ቀጥሎ መዝገቡ፣ መጨረሻ ላይ ፖስቱ። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ተገልብጦ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት እንዳስታወቀው በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 383 የእርዳታ ሠራተኞች ተገድለዋል፤ 181ዱ ጋዛ፣ 60ዎቹ ሱዳን ውስጥ። አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ አይደሉም፣ የአገሬው ልጆች ናቸው። በእኛም አገር በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች ትግራይ ውስጥ ተገድለዋል። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት አንድ ሰው አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ስለመዘገበ ነው።

1. ምን እንደምትመዘግቡ ተስማሙ

"ጥቃት" ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሰው የሞተበት ብቻ ነው። እሱ ጠባብ ነው። ግድያና መቁሰል እንዳለ ሆኖ እገታ፣ የመኪና ዝርፊያ፣ ጭነት አስገድዶ ማራገፍ፣ ኬላ ላይ ኮቴ ማስከፈል፣ አምቡላንስ አስገድዶ መጠቀም፣ ሠራተኛ ያለ ምክንያት ማሰር፣ በስልክ ወይም በወረቀት ማስፈራራት ሁሉ ይግባ። ለጥቂት የተረፈውንም መዝግቡ። ጥይት ከመኪናው በላይ አልፎ ሁሉም በሰላም ከገባ "ምንም አልሆነም" ብላችሁ አትዝለሉት። በሚቀጥለው ወር ምን ሊመጣ እንደሚችል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ክረምት የበላውን መንገድ ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። ኦቻ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት፣ እርዳታን የሚያግዱ ነገሮችን በ9 ይከፍላል፤ መልክዓ ምድርና የአየር ሁኔታ ለብቻው፣ በሠራተኛና በንብረት ላይ የሚደርስ ጥቃትም ለብቻው ነው። በነሐሴ ጭቃ የያዘው ተሳቢና በታጣቂ የቆመ ተሳቢ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ከገቡ ቁጥራችሁን የሚያምን አይኖርም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ማን ነው የእርዳታ ሠራተኛ? ቬስት የለበሰው፣ ባጅ ያንጠለጠለው ብቻ? በጎጃም መንገድ እህሉን የሚያመላልሰው በአብዛኛው የተከራየ የጭነት መኪና ነው። ሹፌሩ ሲያዝ ድርጅቱ "የእኛ ቅጥር አይደለም" ይላል። ባለንብረቱ ደግሞ "የጫነው የእነሱን ነው" ይላል። ሹፌሩና ረዳቱ መሐል ላይ ይቀራሉ፣ ከየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኙም። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ጥቃት የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ የእርዳታ ሠራተኞች ደኅንነት የመረጃ ቋት እንኳ በኮንትራት የሚሠሩ አጓጓዦችንና ጥበቃዎችን ይቆጥራል። ስለዚህ እናንተም ሹፌሩን፣ ረዳቱን፣ የመጋዘን ዘበኛውን፣ ወዛደሩን ቁጠሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም አትርሱ።

2. መዝገቡን አዘጋጁ

ኤክሴል ወይም ጉግል ሺት ይበቃል። ኔትወርክ ከጠፋ ባለመስመር ደብተርም ይሠራል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሥራው የቀጠለው በደብተርና በስልክ ጥሪ ነበር። አንድ ክስተት አንድ መስመር፣ አንድ መለያ ቁጥር ይኑረው። ለምሳሌ "ምዕጎ-2017-004"፣ ማለትም በምዕራብ ጎጃም በ2017 ዓ.ም. የተመዘገበ 4ኛው ክስተት።

ቦታ። "ጎጃም ውስጥ" ቦታ አይደለም። መንገዱን ቆራርጡት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጭነት ጎሐ ጽዮን ላይ ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ይገባል። ከዚያ አንዱ መስመር በሉማሜ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ሌላው በቢቸናና በሞጣ ይሄዳል። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ፣ ከእንጅባራ ደግሞ በቻግኒ ወደ መተከል የሚወጡ መንገዶች አሉ። ስለዚህ "ደምበጫ–ጅጋ"፣ "ቡሬ–ጥሊሊ" እያላችሁ በቁራጭ መዝግቡ። ቀጥሎ ወረዳና ቀበሌ። ሹፌሩ የቀበሌውን ስም ካላወቀ የሚያየውን ይንገራችሁ። ድልድይ፣ ማደያ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። "ማርያም አጠገብ" ብሎ መተው ግን አይሆንም። በጎጃም ማርያም የሌለችበት ቀበሌ ከየት ይመጣል?

ፊደል። ይህን ሰው ይንቀዋል። አንዱ ጸሐፊ "ደምበጫ" ሌላው "ደንበጫ"፣ አንዱ "ሐምሌ" ሌላው "ሀምሌ" ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ቦታና ሁለት ወር አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በዓመቱ መጨረሻ ስትደምሩ ግማሹ ይጠፋል። መድኃኒቱ የከተሞችንና የወራትን ስም አንዴ ወስኖ ከተዘጋጀ ዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ ማድረግ ነው። በእጅ መጻፍ ክልክል ይሁን።

ቀንና ሰዓት። ሁለት ዓምድ አዘጋጁ፣ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በአውሮፓውያን። ጥቅምት 12 ቀን 2017 በእነሱ ኦክቶበር 22፣ 2024 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ የዓመቱ ልዩነት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ሰዓትም እንዲሁ። "10 ሰዓት" ብላችሁ ከተዋችሁት አንዱ ሌሊት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ፣ ከውጭ የመጣው ባልደረባችሁ ደግሞ ረፋድ ላይ ያደርገዋል። "ከሌሊቱ 10 ሰዓት" ብላችሁ ጻፉ።

ማን አደረገው? እዚህ ላይ አንድ ሳይሆን ሦስት ዓምድ ያስፈልጋል። ምስክሩ ምን አየ (ልብስ፣ መሣሪያ፣ ብዛት)። ሰዎቹ ራሳቸውን ማን ነን አሉ። ምስክሩ ማን ይመስሉኛል አለ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲደባለቁ ግምት እውነት ሆኖ ይወጣል። ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ወታደር፣ ያልለበሰ ሁሉ ፋኖ አይደለም፤ መሐል ላይ ተራ ዘራፊም አለ።

ጭነት። ዓይነቱና መጠኑ በዌይቢሉ፣ ማለትም ከጭነቱ ጋር በሚሄደው የጭነት ሰነድ ላይ እንዳለ ይጻፍ። ስንት ኩንታል ወጣ፣ ስንቱ ደረሰ? ዘይት፣ ክክ፣ አልሚ ምግብ ወይስ መድኃኒት? ለየትኛው ወረዳ ነበር? በኋላ ዓለም የሚሰማችሁ በዚህ ነው። "መኪና ተዘረፈ" ሲባል ዝም ያለ ሰው "የዚህ ወረዳ ሕፃናት የወሩን አልሚ ምግብ አላገኙም" ሲባል ቀና ይላል።

አንድ ዓምድ ልጨምር። በሰላም የገቡትንም ጉዞዎች ቁጠሩ። በወር ከ10 ጉዞ 3ቱ ላይ ችግር መድረሱና ከ100 ጉዞ 3ቱ ላይ መድረሱ ሰማይና ምድር ነው። ችግር የቀነሰ መስሎ የሚታየው አንዳንዴ መንገዱ ሰላም ስለሆነ ሳይሆን የሚሄድ መኪና ስለጠፋ ነው።

3. ሹፌሩን አነጋግሩ

ሥራው የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። አስቸኳይ ካልሆነ በስልክ ዝርዝር አትጠይቁ። ግድ ከሆነ ግን መጀመሪያ እንዲህ በሉ፦

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አሁን ለማውራት ይመችዎታል?"

"ቆይ፣ እደውልልሃለሁ" ካለ እሺ ብላችሁ ዝጉ። ደግማችሁ አትደውሉ። አጠገቡ ማን እንዳለ አታውቁም። ድምፁ ካላማራችሁም ስለ ቤተሰብ ጠይቃችሁ ዝጉ። "መከላከያ ናቸው ፋኖ?" የሚለውን ጥያቄ በምንም ዓይነት በስልክ አታንሱ። እናንተ ከቢሮ ሆናችሁ ለጠየቃችሁት እዚያ ቆሞ የሚመልሰው እሱ ነው።

በአካል ስትገናኙ ከጭነቱ አትጀምሩ። "ስንት ኩንታል ወሰዱ?" ብሎ የሚጀምር ሰው ከሹፌሩ ምንም አያገኝም። "እርስዎ ደኅና ነዎት? ረዳቱስ? ቤት ደውለዋል?" ይቅደም። ሻይ ቡና ይባል። ከዚያ "ከደጀን ሲነሱ ጀምረው ይንገሩኝ" ብላችሁ ዝም በሉ። አታቋርጡት። ሰው ታሪኩን ከመነሻው ሲናገር ያልተጠየቀውን ሁሉ ያስታውሳል፤ የትኛው ኬላ ላይ ቆመ፣ ፊት ለፊቱ የነበረው አይሱዙ ለምን ተለቀቀ፣ ማን ሰላም አለው። "ስንት ነበሩ?" ለሚል ጥያቄ "ብዙ" የሚል መልስ ነው የሚመጣው። "ከፊት ስንት፣ በበሩ በኩል ስንት፣ ጭነቱ ላይ የወጡት ስንት?" ስትሉ ግን ቁጥር ይመጣል።

ረዳቱን ለብቻው አነጋግሩት። ሹፌሩ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ ልጁ ግን ዙሪያውን አይቷል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም እንጂ ብዙ ያውቃል። ሴት ሠራተኛ የደረሰባትን ማስፈራሪያ ለሴት ባልደረባ ትንገር። ዘመዶችና አለቆች ከክፍሉ ይውጡ።

መጨረሻ ላይ ፈቃድ ጠይቁ። "ይፈቅዳሉ?" ብቻ አይበቃም። ይህ መረጃ እኛ ጋ ብቻ ይቅር? ስም ሳይጠቀስ ለሌሎች ድርጅቶች ይነገር? ስምና ቦታ ሳይጠቀስ ለሕዝብ ይውጣ? ሦስቱን ለየብቻ ጠይቁና መልሱን በመለያ ቁጥሩ ሥር ጻፉ። ነገ ሐሳቡን ከቀየረ መብቱ ነው።

4. አረጋግጡ

አንድ የቴሌግራም ጽሑፍ በአሥር ቻናል ቢዞር ምንጩ አሥር አይሆንም። አንድ ነው። ሁለት ምንጭ ማለት ሁለቱ እርስ በርስ ያልተቀባበሉ ሰዎች ናቸው፤ ለምሳሌ ረዳቱና የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ወይም ሹፌሩና የዚያን ቀን በዚያ መንገድ ያለፈ የአውቶቡስ ሰው።

ፎቶ ሲመጣ ወቅቱን ተመልከቱ። በመጋቢት ተነሣ በተባለ ፎቶ ላይ ጤፉ ለምለም ከሆነ፣ ወይ ዳሩ በአደይ አበባ ቢጫ ከሆነ ፎቶው የዚያ ወር አይደለም። ታርጋ፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ የተራራው ቅርጽ፣ የጥላው አቅጣጫ ሁሉ ይናገራል። ፎቶውን በጉግል ምስል ፍለጋ አስገብታችሁ ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ጦርነት ያልመጣ መሆኑን እዩ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ቀኑንና ቦታውን የያዘው የውስጥ መረጃ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ይቆያል። ይህ ለማረጋገጥ ይረዳል። ፎቶው የላኪውን ቤት የሚያሳይ ከሆነ ግን ያስበላዋል፤ ስለዚህ የውስጥ መረጃውን ሳታጠፉ ፎቶውን ወደ ሌላ አታስተላልፉ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መስመር ላይ ደረጃ ስጡ፦ "ተረጋግጧል"፣ "ሳይሆን አይቀርም"፣ "ወሬ"። ወሬውን አትጣሉት፣ ግን ለሕዝብ በሚወጣ ቁጥር ውስጥ አይደመርም።

5. መዝገቡን ጠብቁ

በዋናው ሰንጠረዥ ላይ የሰው ስም፣ ስልክ፣ ታርጋ አይኑር። መለያ ቁጥሩን ከስሙ የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በይለፍ ቃል ይቀመጥ።

መንገድ ስትወጡ ምንም ይዛችሁ አትውጡ። ኬላ ላይ ስልክ ክፈት የሚባልበት ጊዜ አለ። ጋለሪ ውስጥ የተቃጠለ መኪና ፎቶ፣ ቴሌግራም ላይ "የደኅንነት መረጃ" የሚል ግሩፕ ከተገኘ ማብራሪያችሁን የሚሰማ የለም። ሲግናል በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ላይ መልእክት በራሱ እንዲጠፋ አድርጉ። የላካችሁትን ከስልካችሁ አጥፉ። የግሩፑን ስም ደግሞ ለአላፊ አግዳሚ ምንም የማይነግር አድርጉት።

6. መጀመሪያ ለማን ይነገር?

ለቤተሰብና ለአሠሪ። የታገተ ሰው ቤተሰብ ነገሩን ከፌስቡክ መስማት የለበትም። ይህን ለመጻፍ መገደዴ ራሱ ያሳዝናል።

ቀጥሎ በዝግ በር። በዚያው መንገድ ነገ የሚወጣ መኪና ያላቸው ድርጅቶች በዚያው ሰዓት ይወቁ። ለኦቻ የእርዳታ ተደራሽነት ክትትል አሳውቁ። ቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ከሁሉም ወገን ጋር የሚነጋገረው በምስጢር ነው፤ ይህ ድክመቱ ሳይሆን በሩን ያስከፈተለት አሠራር ስለሆነ "ለምን መግለጫ አላወጣችሁም" ብላችሁ አትፋጠጡት። የመብት ጥሰቱ ከባድ ሲሆን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት አለው፤ ኢሰመጉ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤም አለ። የአካባቢ ሽማግሌዎችንና የሃይማኖት አባቶችን አትናቁ። መግለጫ ያላስለቀቀውን መኪና አንድ የተከበሩ አባት ሄደው ያስለቅቁታል።

7. ለሕዝብ ማውጣት

መቼም የማይወጡ ነገሮች አሉ። የሚቀጥለው ጭነት መቼ በየት እንደሚያልፍ። አማራጭ ሆኖ የተገኘው መንገድ። የማስለቀቂያ ገንዘብ መጠን፤ የዛሬው ቁጥር የነገው መነሻ ዋጋ ይሆናል። ሰው እስኪለቀቅ ድረስ ስለ እገታው ምንም አይውጣ፣ ቤተሰቡ ራሱ ካልፈለገ በቀር።

ሌላው አዘግይቶና ጠቅልሎ ይወጣል። የአንድ ቀን ክስተት ነጥሎ ማውጣት ምስክሩን ያጋልጣል፤ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ ያለፈው መኪና አንድ ብቻ ነበርና። የወሩን ወይም የሩብ ዓመቱን ጠቅልላችሁ በዞን ደረጃ አውጡ። አገላለጹም ልዩነት አለው። እስቲ እነዚህን የፈጠራ ምሳሌዎች አስተያዩ፦

"አረመኔዎቹ ማክሰኞ ጠዋት ከጅጋ በታች የሕፃናትን ጉርሻ ነጠቁ፤ ሹፌሩ እንደነገረን..."

"በጥቅምት ወር በምዕራብ ጎጃም ዞን አልሚ ምግብ የጫኑ ተሽከርካሪዎች በታጠቁ ሰዎች ቆመው ጭነቱ ተወስዷል። በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት አልደረሰም። ምግቡ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች የታሰበ ነበር።"

የመጀመሪያው ብዙ ላይክ ያገኛል። ሹፌሩን ግን በዚያ መንገድ ዳግም እንዳያልፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ደረቅ ነው፣ ግን ማንም አያስተባብለውም። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሕጉን የምትጠቅሱ ከሆነ ሁሉንም ወገን በእኩል የሚይዘውን ጥቀሱ። የ1949 የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 በአገር ውስጥ ግጭት ለመንግሥትም ለታጣቂም ይሠራል። የጸጥታው ምክር ቤት በግንቦት 2016 ዓ.ም. ያሳለፈው ውሳኔ 2730ም ስለ እርዳታ ሠራተኞች ጥበቃ ነው። የአንዱን ወገን ጥፋት ብቻ የሚያወጣ መዝገብ የሌላው ወገን ኬላ ላይ ባልደረቦቹን ያስከፍላል። የሁለቱንም መዝግቡ፣ የሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቃል ጻፉ።

ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት አዋጆችን አንብቡ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሚሰራጭን ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱን ያከብደዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ደግሞ የሰበሰባችሁትን የሰው መረጃ ይመለከታል። የሕግ ባለሙያ ዘመድ ካላችሁ አንድ ቡና ጋብዙት።

ጊዜውንም ምረጡ። ነሐሴ 13 የዓለም የሰብዓዊነት ቀን ነው፤ በ1995 ዓ.ም. በዚያ ቀን ባግዳድ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ ላይ በደረሰ ጥቃት 22 ሰው ተገድሏል። ሚዲያው ራሱ ቁጥር የሚፈልግበት ሰሞን ስለሆነ የዓመቱን ማጠቃለያ ከሳምንት በፊት አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

8. ከወጣ በኋላ

ስልክ ይጮኻል። አንዱ "ለምን የእኛን አጋነናችሁ" ይላል፣ ሌላው "ለምን የእነሱን አሳነሳችሁ"። ሁለቱንም በትሕትና ስሙ፤ ማስረጃ ካላቸው ተቀበሉ። ቁጥር ስትቀይሩ የተቀየረበትን ቀንና ምክንያት በግልጽ ጻፉ እንጂ በዝምታ አትሰርዙ።

ከተጎጂው ወገን ደውሎ "እባካችሁ አውርዱልን" የሚል ከመጣ ግን ክርክር የለም። ወዲያው አውርዱ፣ ምክንያቱን በኋላ ጠይቁ። በውስጥ መዝገቡ ላይ መለያ ቁጥሩና የክስተቱ ዓይነት ይቆይ፣ ዝርዝሩ ይጥፋ። ፈቃድ የሚለው ዓምድ ላይም "ተነሥቷል" ብላችሁ ቀኑን አስፍሩ፤ ከእናንተ በኋላ መዝገቡን የሚረከበው ሰው ሳያውቅ መልሶ እንዳያወጣው።